የሰልባጅ ቲሸርትና የ29 ደቂቃ አልበም

ራሞንስ ስለሚባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበም የተነሣው የውይይት ክር ከተከፈተ ሳምንቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር መልሱ 38 ደርሷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች መነሻው የቱ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫው ወሬ ከየት መጣ፣ ባሕረ ሐሳብስ እዚህ ምን ይሠራል እያሉ ስለጠየቁ፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን በራሴ አነጋገር ልተርከው። መሀል ላይ ገብቼ ሁለቴ ጽፌአለሁ፤ አንዱን በአደባባይ ተሳስቻለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

የከፈተው የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሰልባጅ ተራ ከተከመረው መሀል ጥቁር ቲሸርት መዞ አወጣ። ደረቱ ላይ ነጭ ክብ ማኅተም አለ፤ መሀሉ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር፣ ዙሪያውን የፈረንጅ ፊደል። ሻጩም ገዢውም የአሜሪካ መንግሥት ማኅተም ነው ብለው ተስማሙ፤ ሻጩ በዚሁ ሰበብ ዋጋውን ከፍ አደረገ። ልጁ ለብሶት አንድ ቢሮ ሲሄድ የበሩ ጥበቃ ከእርዳታ ድርጅት የመጣ መስሎት ሳይፈትሸው በአክብሮት አሳለፈው። በሳምንቱ ግን ጣና ዳር አንድ ቱሪስት ገና ከሩቅ ሲያየው በደስታ ጮኾ፣ ጊታር የሚመታ ይመስል እጁን ሆዱ ላይ እያወራጨ አለፈ። ማኅተም እንዳልሆነ የገባው ያኔ ነው። ሲያፈላልግ ራሞንስ የሚባል የኒው ዮርክ የፓንክ ሮክ ባንድ ሆኖ አገኘው፤ የመጀመሪያ አልበማቸውንም ስልኩ ላይ ጫነ። እህቱ ቡናውን አጥባ ብረት ምጣድ ላይ ስታደርግ ከፈተው፤ አቦል ሳይቀዳ አለቀ።

ጥያቄው ይኸው ነው። አሥራ አራት ዘፈን፣ ሁሉም ተደምሮ 29 ደቂቃ። ይሄ አልበም ይባላል ወይ? ዓለም ለምን እንዲህ ከፍ አደረገው? ሦስት ኮርድ ይዘው አንዱን ዘፈን አሥራ አራት ጊዜ የዘፈኑት ነው የሚመስለው፤ የኛ አዝማሪ በአንድ ጭራ ማሲንቆ ሌሊቱን ሙሉ ያድር የለም ወይ ብሎ ዘጋ። ትሕትና ነበረው፤ ግን መልሱን ቀድሞ የያዘ ሰው ትሕትና ነበር።

1 ቁጥር መላሽ ሰላምታ አቅርቦ ፋይሉ እንዲላክለት ጠየቀ። በየክሩ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

2 ቁጥር የቲሸርቱን ነገር ፈታው። ጥበቃውም ሻጩም ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ ሥዕሉ በርግጥ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማኅተም የተቀዳ ነው። የሠራው የባንዱ ወዳጅ የነበረው አርቱሮ ቬጋ ነው። ንስሩ በማኅተሙ ላይ የያዘውን ቀስት አስጥሎ የቤዝቦል ዱላ አስያዘው፣ የወይራውን ዝንጣፊ በፖም ቅርንጫፍ ለወጠው። ዙሪያውን ያለው ጽሑፍም የአባላቱ ስም ነው፦ ጆኒ፣ ጆይ፣ ዲ ዲ፣ ቶሚ። 3 ቁጥር እንግዲያው ሻጩ የጨመረውን ብር ይመልስ ብሎ ቀለደ።

4 ቁጥር የፍኖተ ሰላም መምህር ናቸው፤ አጻጻፋቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቆሙ ያስመስላል። አራቱ ሰዎች በኒው ዮርክ ከኩዊንስ፣ ፎረስት ሂልስ ከሚባለው ሰፈር የወጡ ናቸው። ሁሉም ራሞን ይባላሉ እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። ስሙ ፖል ማካርትኒ በወጣትነቱ ለጊዜው ይጠራበት ከነበረው ፖል ራሞን ከሚለው የተወሰደ ነው። አልበሙ በየካቲት 1968 አካባቢ፣ በሬዲዮ ሲቲ ሙዚክ ሆል ሕንጻ ውስጥ በነበረው ፕላዛ ሳውንድ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ሥራው ሰባት ቀን ፈጀ፤ ሦስቱ ለመሣሪያው፣ አራቱ ለድምፅ። ፕሮዲዩሰሩ ክሬግ ሊዮን፣ አሳታሚው ሳየር ሪከርድስ፣ ወጪው 6,400 ዶላር ገደማ። ስሙም እንደ ባንዱ ራሞንስ ነው። መምህሩ በመጨረሻ ልጁን በእርጋታ መለሱለት፦ አጭር ነው ማለቱ ልክ ነው፣ ሦስት ደቂቃ የሚሞላ ዘፈን አንድም የለበትም፤ ግን ያ በዚያ ዘመን ሮክ የሚጫወቱ ባንዶች የአንዱን ሰው ሶሎ ብቻ አሥር ደቂቃ ያስረዝሙ ስለነበር በእልህ የተደረገ ነው።

5 ቁጥር የባንክ ሰው ይመስለኛል፣ ዶላሩን ለመመንዘር ብቻ ነው የገባው። ያኔ ምንዛሪው 2 ብር ከ07 ስለነበር 13,248 ብር ይሆናል። በዲግሪ የተቀጠረ ሰው 500 ብር በሚያገኝበት ዘመን የሁለት ዓመት ከሁለት ወር ደመወዝ መሆኑ ነው። ይህን ካለ በኋላ ተመልሶ አልመጣም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። 6 ቁጥር የሞጣ ሰው ነው። አልበሙን ሁለቴ ሰማሁት፣ ጊታር የሚባል ነገር የለበትም አለ። ቤዝ አለ፣ ድራም አለ፣ የሚጮኽ ሰው አለ፤ ጊታር ግን ከጀርባ እንደሚመጣ ዝንብ ካልሆነ በቀር አይሰማም። ጊታር የሌለው ሮክ ሽጠው ዓለምን ያታለሉ ናቸው፣ እናንተም ፈረንጅ ያለውን ሁሉ ታጨበጭባላችሁ ብሎ መምህሩን ጭምር ወረፈ። 7 ቁጥር በጽኑ ደገፈው። (እኚህ ደጋፊ አልበሙን ጨርሶ እንዳልሰሙት በ13 ቁጥር ራሳቸው ያምናሉ።)

8 ቁጥር እዚሁ ደብረ ማርቆስ ያለ ጊታር የሚሞክር ልጅ ነው። ክርክር ውስጥ ሳይገባ እጁን ምስክር አድርጎ አቀረበ። ጆኒ ራሞን ሞስራይት የሚባለውን ጊታር የሚመታው ወደ ታች ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ እያለ ሲያርፍ እሱ እያንዳንዱን ምት ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ያውም በዚያ ፍጥነት። ልጁ ከአልበሙ ጋር እኩል ልምታ ብሎ ተቀምጦ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ክንዱ እንደ እንጨት ደረቀ። ያደገው ገጠር ነው፤ ጤፍ ሲያጭድ ውሎ እንኳ አንጓው እንዲያ አላቃጠለውም፤ ማታ እንጀራ ሲቆርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀላል የሚመስለው ለሰሚው ነው ማለቱ ነው። እኔ ይህን መልስ ከሁሉም አስበልጬ ነው ያነበብኩት።

9 ቁጥር ላይ የሞጣው ሰው ተመልሶ መጣ፣ አሁን ይበልጥ ተቆጥቶ። ጊታር እንዳለህ ልታሳየን ነው እንጂ የጻፍከው ስለ አልበሙ አይደለም አለው። ሁለት ሦስት ሰዎች መሀል ሊገቡ ሲሉ 10 ቁጥር ቀደመቻቸው። ቡሬ ላይ ሞባይል የምትጠግን እህታችን ናት። ወንድሜ በስልክ ነው የምትሰማው? በጆሮ ማዳመጫ ነው? ሁለቱም ጆሮ ይሠራል? ብላ ሦስት ነገር ጠየቀች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ግማሽ ቀን ዝም ተባለ። ማታ ላይ 11 ቁጥር ሆኖ የሞጣው ሰው በአንድ መስመር ተመለሰ። የቀኙ ከጥምቀት ጀምሮ አይሠራም።

ምሥጢሩን ያብራራችው 12 ላይ እሷው ናት። የዚህ አልበም ድምፅ ሲቀናበር እንደ ጥንቶቹ የቢትልስ ሸክላዎች መሣሪያዎቹን ግራና ቀኝ ለያይተው ነው ያስቀመጧቸው። ቤዙ በግራ፣ ጊታሩ በቀኝ፣ ድራሙና ድምፁ መሀል። የቀኝ ጆሮው የሞተበት ሰው ጊታሩን ከነባለቤቱ ከስቱዲዮ አስወጥቶታል ማለት ነው። አላመንኩም፤ ማዳመጫዬን ሰክቼ ግራውን ነቀልኩ፣ ግራውን መለስኩ፣ ቀኙን ነቀልኩ። በአንዱ በኩል ጆኒ እንደ ወፍጮ ይፈጫል፤ በሌላው ቤዝ መቺው ዲ ዲ ይጎተጉታል። እንዲህ እርቃኑን የተሰጠ ሙዚቃ ብዙ አላጋጠመኝም። ከተደበላለቀ ሙዚቃ ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ መለየት ለሚያቅተው ለጀማሪ ይሄ ትምህርት ቤት ነው፤ የ8 ቁጥሩ ልጅም ከዚያ ወዲያ ቤዙን ዘግቶ እንደሚለማመድ ጽፏል።

14 ቁጥር እኔ ነኝ። በጉብዝናዬ ዘመን ካሴት ቤት ስለሠራሁ ስለ ርዝመቱ የምለው ነበረኝ። የ60 ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው። ይህ አልበም 29 ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ስለሆነ ከነሙሉ አካሉ አንድ ገጽ ላይ ይገባል፣ ከደቂቃ ያነሰ ባዶ ቴፕ ብቻ ይተርፋል። ያ ለኛ ሙያ ትልቅ ነገር ነበር። ካሴት ስናባዛ መጨረሻው ላይ ባዶ የቀረ እንደሆነ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፣ ዕቃ ጎድሎብኛል ይላል፤ ስለዚህ ከሌላ ዘፈን አንድ ሁለት ደቂቃ ቆርጠን እንሞላለን፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ስንት ሰው አለ፣ ያ የተቆረጠ ዘፈን እስከ ዛሬ እዚያው የሚያልቅ የሚመስለው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጥተው ቴፑን በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ ባዶውን አሳዩኝና፣ ከጆንያው ሥር ያጎደልከው እህል ይሄ ነው ብለው ገሠጹኝ። እና ነገሩን ከዚያ አንጻር ሳየው፣ 29 ደቂቃው አጭር ነው የሚለው አልገባኝም፤ ልኩ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1976 ስለሆነ በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑ ነው ብዬ ጨመርኩ። 15 እና 16 ስለ እስክሪብቶና ስለ ቴፕ ጥልፍልፍ ሲያወሩ (አንዱ ያለቀ ቴፕ ቆጡ ላይ ወፍ ማባረሪያ እንዳሰረው ነገረን) 17 ቁጥር መጣ።

17 ቁጥር ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚቆጥር ዲያቆን ነው። በጊዮርጊስ ስም የተሳሳትኩት በጊዮርጊስ ደብር ልጅ ፊት መሆኑን ልብ በሉልኝ። የፈረንጁን 23 ከኛ 23 ጋር ቀላቅለሃል ጋሼ፤ በኛ ሚያዝያ 15 ነው፣ የሚውለውም ቂርቆስ ነው አለኝ። አልበቃውም፤ ቤተ ክርስቲያን የበዓላትን ቀን በምታሰላበት በባሕረ ሐሳብ ዓመቱን አወጣው። 5500ን ከ1968 ጋር ደመረ፣ 7468። በ19 ሲገድፈው 1 ቀረ፤ ለዘመኑ አንዱን አነሣ፣ ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ መጥቅዑም 30። መስከረም 30 ቅዳሜ ዋለ፣ የቅዳሜ ተውሳክ (የሚደመርለት ቁጥር) 8። 38ን በ30 ገድፎ 8 አስቀረ፤ ነነዌ የካቲት 8 ሰኞ ገባች። በዚያ ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ሲጨምር ፋሲካ ሚያዝያ 17 ሆነ። እንግዲህ ሚያዝያ 15 ዓርብ ምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ።

ስቅለት።

ይህን ሳነብ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። አሜሪካ ውስጥ ያ ሸክላ ሱቅ ሲገባ፣ እዚህ ጎጃም ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ፣ ጀርባው በወይራ ቅጠል ሲመታ ነበር ማለት ነው። 18 ቁጥር ያን ዕለት ቢቸና ላይ ያንን ሙዚቃ የከፈተ ሰው ቢኖር ስግደቱ ስንት በተባለበት ነበር ብሎ አሳቀን። 19 ላይ ይቅርታ ጠየቅሁ። ዲያቆኑም ጋሼ ምንም አይደል፣ እኔም ሙዚቃውን አላውቀውም ብሎ አለፈኝ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። 20 ቁጥር አማርኛ የምታስተምር የዳንግላ መምህርት ናት። ዲያቆኑን አግኝታ ሳለ ዕድሉ እንዳያልፋት የፈለገች ትመስላለች፤ ነገሩን ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ጋር አመሳሰለችው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው፣ ማንም ግን ጉባኤ ቃናን ጎደሎ መወድስ አይለውም አለች። ደህና ሐሳብ ነበር። 21 ላይ ዲያቆኑ ግን አልወደደውም፣ ቃሉም መረር አለ። ጉባኤ ቃና አጭር የሆነው ሁለት ቤት ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም ለመክተት ነው፣ ተማሪ ሌሊቱን ሲታሽበት ያድራል፤ ደግሞም ቅኔ ተዘርፎ ያልፋል፣ ሰው የተቀኘውን መልሶ አይቀኘውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ እየደጋገመ የሚሸጥ ነገር ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። መምህርቷ 22 ላይ የተናገረችው ስለ ርዝመት ብቻ መሆኑን አስረድታ ተወችው። እኔ በዚህ ከዲያቆኑ ጋር ነኝ፤ ያጠረ ሁሉ አይዛመድም።

23 ቁጥር ከሁሉም የከበደው ነው። ባሕር ዳር ጎዳና ላይ ካሉ ልጆች ጋር የምትሠራ ሴት ናት። ሁላችሁም ስለ ደቂቃና ስለ ጊታር ታወራላችሁ፣ የሚሉትን የሰማ አለ ወይ ብላ ጀመረች። አንዱ ዘፈን ማስቲሽ ስለ ማሽተት ነው። እሷ ደግሞ ማታ ማታ መናኸሪያው አጠገብ የምታየው፣ እጅጌው ውስጥ የደበቃትን የተቆረጠች ሃይላንድ አፍንጫው ላይ ደፍቶ፣ ስሙን ስትጠራው ሦስት ጊዜ ካልጠራችው የማይሰማ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ዓይኑ ክፍት ነው፤ አያይም። ይሄ ያስቃል ወይ? ከዚያም ሌላው ዘፈን ልጅ በዱላ ስለ መደብደብ ነው፣ ሌላው የናዚ ዘመን ቃል ይጠቅሳል፤ ቲሸርት ገዝታችሁ ለብሳችሁ ስለ ምን እንደሚዘፍኑ ሳትጠይቁ ትከራከራላችሁ ብላ ዘጋችው።

24 ቁጥር ሊመልስ የሞከረው በጨዋነት ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ጆይና ቶሚ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ድራም የሚመታው ቶሚ ቡዳፔስት ነው የተወለደው፤ እናት አባቱ ከዚያ እልቂት የተረፉት ጎረቤት ሸሽጓቸው ነው፣ ከዘመዶቻቸው ብዙዎቹ አልተረፉም። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ባንድ ያንን ቃል ሲጠቅስ እያላገጠበት ነው እንጂ እያመሰገነው አይደለም፤ ያም ሆኖ የኩባንያው ኃላፊ አንዱ ስንኝ እንዲለወጥ ጠይቆ ተለውጧል። ማስቲሹም ሥራ አጥ ልጅ የሚያደርገው ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ማሳያ ነው አለ። 25 ይህንን ሰምና ወርቅ ነው አለው። 26 ላይ ሴትየዋ ስለ ቶሚ የተነገራትን በአክብሮት ተቀበለች፤ ስለ ማስቲሹ ግን አንድ ቃል አልቀነሰችም። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚሞት ልጅ እንዳለ ግን አትርሱ አለች። ከዚያ ወዲያ ለሰዓታት ማንም አልጻፈም። እኔም መልስ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ።

ዝምታውን የሰበረው 27 ቁጥር ነው፣ የደጀን ሾፌር። የዓባይን በረሃ ሲወርድ የሚያዳምጠው ሌላ ነገር እንደሆነ ነግሮን ሲያበቃ፣ ፓንክን የጀመሩት እንግሊዞቹ ሴክስ ፒስቶልስ ናቸው እንጂ እነዚህ አይደሉም ብሎ አረፈው። 28 ላይ የፍኖተ ሰላሙ መምህር ቀን በቀን አስቀመጡለት። የራሞንስ አልበም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1976፣ ከእንግሊዞቹ ባንዶች ደግሞ የዳምንድ የካቲት 1977፣ የክላሽ ሚያዝያ 1977፣ የሴክስ ፒስቶልስ ጥቅምት 1977። እንዲያውም ራሞንስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1976 ለንደን ሄደው ሲጫወቱ እነዚህ እንግሊዛውያን ገና አንድም አልበም አላወጡም ነበር። ሾፌሩ ልክ ነው አለና ቁልቁለቱ ላይ ጭጋግ ስላለ ወራጆች ተጠንቀቁ ብሎ ወጣ።

29 ቁጥር ነገሩን አገር ቤት አመጣው። ፓንክና የኛ ሙዚቃ አይገናኙም ለሚል ሰው፣ ዘ ኤክስ የሚባሉት የሆላንድ ፓንኮች እ.ኤ.አ. በ2006 ከጌታቸው መኩሪያ ጋር አልበም ሠርተዋል፤ ጌታቸው ሳክስፎኑን እንደ ሸላይ ጉሮሮ አድርጎ ሽለላ የሚጫወት ሰው ነበር። ጊታሩ ሲያጓራ ሳክስፎኑ ሲሸልል ማን ማንን እንዳጀበ አይለይም አለ። ሽለላ የሚል ቃል ሲሰማ 30 ቁጥር ደረቱን ነፋ፣ የጎጃም ልጅ ነው እንዲህ የሚያደርገው ብሎ ጌታቸውን ወሰደው። 31 ከይፋት እንደሆነ ነግሮ መለሰው። ሽለላ በጎጃም ብቻ የበቀለ የሚመስላቸው ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቻችን እንዲያው ነን።

32 ቁጥር ራሱ ማሲንቆ መቺ ነው፤ የጻፈለት ልጁ ነው። እስካሁን ስሙን ስታነሱት የቆያችሁት አዝማሪ እኔ ነኝ ብሎ ገባ። መጀመሪያ የከፋቹን ሙገሳ ገፋው። አንድ ጭራ ማሲንቆ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል ማለት አንድ ዘፈን ያድራል ማለት አይደለም። እንግዳው ፊት ይቆማል፣ ሰውየውን ከጫማው እስከ ኮፍያው ያየዋል፣ ሁለት ሦስት ስንኝ ይጥልበታል፣ ሰው ከወዲያ ተቀበል ይለዋል፣ ተቀብሎ ይመልሳል፤ ብሩ ከኪስ ወጥቶ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። ሁለት ደቂቃ ከሞላ ብዙ ነው። ሦስተኛውን ደቂቃ ከጨመረበት እንግዳው ወደ ብርጭቆው ይመለሳል። ስድስት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን የስቱዲዮ ነገር ነው፣ ማሲንቆው ከስቱዲዮ በፊትም ነበረ።

ከዚያ ልጁ አልበሙን ከፍቶለት እንደሰማው ተናገረ። ቃሉ አይገባውም። የወደደው ዲ ዲ የሚባለው ሰው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ መጥራቱን ነው፤ ቆጥሮ የማይዘገይ ሰው ደስ ይለኛል አለ። ሁሉም ዘፈን አንድ ነው ለሚለው ደግሞ፣ የኔንም ዜማ አንድ ነው የሚሉኝ አሉ፣ ብዙ ጊዜ ስንኙን ሳይሰሙ የሚያወሩት ናቸው አለና ማሲንቆውን ሊያሠር የፈረስ ጭራ ጥሩው የት እንደሚገኝ ጠየቀ። 33 እና 34 ይህንኑ ሲመልሱ ዋሉ፤ የእንጅባራ ፈረስ ይሻላል የሚልና ፈረሱ ሳይሆን የጭራው አያያዝ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። የአገው ፈረሰኞችን ስም የነካ ሰው በቀላሉ አይወጣም፤ ከዚህ አልዘልቅበትም።

35 ቁጥር ወደ አልበሙ መለሰን። ስንት ተሸጠ? መልሱን 36 ላይ መምህሩ አመጡት። ሲወጣ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 111ኛ ላይ ደርሶ ወረደ። ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ የሞላበትን የወርቅ ሰርተፊኬት ያገኘው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014፣ ከወጣ ከ38 ዓመት በኋላ ነው። ጆይ በ2001፣ ዲ ዲ በ2002፣ ጆኒ በ2004 አርፈዋል፤ ወርቁን በሕይወት ያየው ቶሚ ብቻ ነው፣ እሱም በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አለፈ። ባንዱ በዘመኑ በጠቅላላው 2,263 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። እዚህ ላይ የ8 ቁጥሩ ልጅ 2,263ን በእጁ ያሰላው ይመስለኛል፤ የሚያለቅስ ምልክት ብቻ አኖረበት።

37 ቁጥር ከፋቹ ነው። አልበም ነው ወይ ያለውን ጥያቄ አላነሣውም። በዚህ ሳምንት አምስት ጊዜ እንደሰማው፣ አሁን አንዱን ዘፈን ከሌላው መለየት እንደጀመረ፣ ቃሉንም ቁጭ ብሎ እንዳነበበና የ23 ቁጥሯን እህት በውስጥ መስመር እንዳገኛት ነገረን። ቅዳሜ ማታ አብሯት መናኸሪያው ጋ ይሄዳል። ቲሸርቱን ለብሶ እንደማይሄድ ጨምሯል። ቲሸርቱም ሁለተኛ ሲታጠብ የቶሚ ስም መላጥ ጀምሯል፤ እናቱ በነጭ ክር ልጥቀምልህ ወይ እያለችው ነው።

38 ቁጥር የሞጣው ሰውዬ ነው። አዲስ ማዳመጫ ገዝቷል፣ ሁለቱም ጆሮ ይሠራል። ጊታሩን አገኘሁት፣ 8 ቁጥርንም ይቅርታ ጠይቄአለሁ ብሏል። ግን በጣም በዝቷል፣ የቀኙን ድምፅ ትንሽ ቀነስ የሚያደርግ ነገር ስልኩ ላይ ካለ የቡሬዋ እህት ትንገረኝ።